ማኅበር በማኅበር ውስጥ፦ ከጽዋና ከዕድር እስከ ሮታሪ፣ በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 1905 አመሻሽ ላይ አራት ሰዎች በቺካጎ ከተማ በአንድ ቢሮ ውስጥ ተገናኙ። ጠበቃው ፖል ሃሪስ፣ የማዕድን መሐንዲሱ ጉስታቭስ ሎየር፣ የድንጋይ ከሰል ነጋዴው ሲልቬስተር ሺሌና ልብስ ሰፊው ሃይረም ሾሪ ነበሩ። ሃሪስ ያደገው በቬርሞንት ግዛት፣ ሰው ሁሉ በሚተዋወቅባት ትንሽ መንደር ነው። በትልቁ ከተማ ደንበኛ አገኘ እንጂ ወዳጅ አላገኘም፤ አራቱን ያሰባሰባቸውም ይኸው ብቸኝነት ነበር። ስብሰባው በየተራ ከአንዱ አባል ቢሮ ወደ ሌላው ስለሚዘዋወር ክለቡ ሮታሪ ተባለ። ለከተማው ሕዝብ የመጀመሪያውን አገልግሎት የሰጡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ እሱም በማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት እንዲሠራ ማድረግ ነበር። ወዳጅነቱ ቀደመ፣ አገልግሎቱ ተከተለ።

ክለቡ በተመሠረተበት ዓመት ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ነበር። ያቆመው የገንዘብና የመንግሥታት ክርክር ከተፈታ በኋላ ሐዲዱ አዋሽን ተሻግሮ፣ መተሐራን፣ አዳማንና ሞጆን አልፎ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። በሐዲዱ ዳር የበቀሉት ከተሞች ከሩቅም ከቅርብም የመጡ፣ ዘመድ አዝማዳቸውን ትተው የተነሡ ሰዎች ከተሞች ነበሩ። ስለዚህ የሃሪስ ጥያቄ በስምጥ ሸለቆም ተነሥቷል፤ ዘመድ በሌለበት ከተማ ሰው በማን ይደገፋል? በሞተ ጊዜ ማን ይቀብረዋል? በከሰረ ጊዜ ማን ያነሣዋል? የሰንበት ቀኑንስ ከማን ጋር ያሳልፋል?

ይህ ቅኝት የዚያን ጥያቄ መልሶች ከጥንት እስከ ዛሬ ይከተላል። በየዘመኑ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገርም አለ። ትልቁ ማኅበር በአዋጅ ይቆማል፣ በአዋጅም ይፈርሳል። በውስጡ ወይም በጎኑ የበቀለው ትንሽ ክበብ፣ በአንድ ሙያ፣ በአንድ እምነት፣ በአንድ ትውልድ ቀዬ ወይም በአንድ ፍቅር የተሰባሰበው፣ ብዙ ጊዜ ትልቁን ተሻግሮ ይኖራል። ሮታሪ ራሱ ይህን የተረዳው ዘግየት ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ኤስፔራንቶ የተባለውን ዓለም አቀፍ ቋንቋ የሚወዱ አባላት እርስ በርስ መጻጻፍ ጀመሩ። በ1947 ደግሞ ጀልባ የሚቀዝፉ እንግሊዛውያን ሮታሪያኖች በጀልባቸው ላይ የክለቡን ሰንደቅ ሰቅለው ኅብረት መሠረቱ። ዛሬ የአውሮፕላን አብራሪዎች፣ የአማተር ሬዲዮ፣ የቼዝ፣ የቴምብር፣ የሩጫና የሌሎችም የወዳጅነት ኅብረቶች ቁጥራቸው ወደ መቶ ይጠጋል። እነዚህ ኅብረቶች በራሳቸው ወጪ ይተዳደራሉ፣ መሪዎቻቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ በእናት ድርጅቱ ስምም አይናገሩም። ማኅበር በማኅበር ውስጥ ማለት ይህ ነው፤ በእኛ አገር ግን ነገሩ አዲስ አይደለም።

ከባቡሩ በፊት የነበረው ዘመን የራሱ ሥርዓት ነበረው። ከአዋሽ እስከ ሻላ በሚዘረጋው ምድር የኖሩት ቱለማ፣ ጅሌ፣ ከረዩና አርሲ ኦሮሞዎች ሕይወታቸውን በገዳ ያደራጁ ነበር። ዩኔስኮ በ2009 ዓ.ም. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው ይህ ሥርዓት ሥልጣንን በየስምንት ዓመቱ ያሸጋግራል፤ ለቅኝታችን ይበልጥ የሚጠቅመን ግን እኩዮችን በደረጃ አስተሳስሮ አብረው እንዲያድጉና አብረው ኃላፊነት እንዲረከቡ ማድረጉ ነው። በዚያው ሥርዓት ውስጥ ሴቶች የራሳቸው ኅብረት ነበራቸው። የአርሲ ሴት በሠርጓ ቀን ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ የተባለው በትር የክብሯ ምልክት ነው፤ አንዲት ሴት ስትበደል የአካባቢው ሴቶች በትራቸውን ይዘው በአንድነት ይወጣሉ፣ በደሉ እስኪካስም አይመለሱም። ከብቱ ያለቀበትን ወይም አደጋ የደረሰበትን ሰው ወገኖቹ መልሰው የሚያቋቁሙበት ደግሞ ቡሳ ጎኖፋ ነው። በእርሻ ሥራ በኩል ደቦው አለ፤ በእምነት በኩል ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ጫፉ መንታ የሆነውን ኡሌ በትር ይዘው በቡድን በእግር የሚጓዙት የአርሲና የባሌ ተሳላሚዎች አሉ። እነዚህ ሁሉ ሰፊ ሥርዓቶች ናቸው፤ ግን እያንዳንዳቸው በውስጣቸው ትንሽ ክበብ ይዘዋል።

ከደጋው የመጡት ክርስቲያኖች ወደ ከተሞቹ ይዘው የወረዱት የጽዋ ማኅበርን ነው። በወሩ ቀን፣ በሚካኤል ወይም በማርያም፣ ተረኛው አባል ቤቱን ያዘጋጃል። ዳቦው ይቆረሳል፣ ጠላው ይቀዳል፣ ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፤ ሙሴ ተብሎ የሚጠራው የማኅበሩ መሪ ቀሪና ዘግይቶ የመጣ እንዳለ ይጠይቃል፣ የተጣላ ካለም እዚያው ያስታርቃል። መጨረሻ ላይ ጽዋው ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል፣ እሱም በዝማሬ ተሸኝቶ ይዞት ይሄዳል። አባላቱ በዓመቱ ወራት ልክ አሥራ ሁለት የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው። በየተራ ከቤት ወደ ቤት መዘዋወር የሮታሪም የመጀመሪያ ልማድ ነበር። አንዱ ከሌላው አልቀዳውም፤ ጥቂት ሰዎች እኩል ሆነው መሰባሰብ ሲፈልጉ ተራ የሚያስገኘው ፍትሕ ለሁሉም ግልጽ ስለሆነ ነው።

ባቡሩ ሲመጣ የመጀመሪያው ትልቅ ለውጥ ሆነ። አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአዲስ አበባ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሐዲድ ጣቢያ ሆና ተነሣች። የአርሲ እህልና ከብት ወደ ጣቢያው ይወርዳል፣ ጨውና ጨርቅ ከባሕሩ በኩል ይመጣል። ጉራጌው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ የመናዊውና ግሪኩ ሱቁን ከጣቢያው አጠገብ ከፈተ። ሞጆ የደቡብ መንገድ መገንጠያ ሆነች። ነጋዴው የመነሻ ካፒታል ፈለገ፤ ባንክ አልነበረም፣ ቢኖርም ዋስትና የሌለውን አያስገባም። ዕቁብ ይህን ክፍተት ሞላ። በሳምንቱ ቀን መዋጮው ይሰበሰባል፣ ዕጣ ይወጣል፣ የደረሰው ተያዥ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። የዕቁቡ ዳኛ የሚመረጠው በሀብቱ ሳይሆን በቃሉ ነው። ብዙ የስምጥ ሸለቆ ሱቆችና ወፍጮ ቤቶች የተነሡት ከዚህ ገንዘብ ነው።

ዕድር የመጣው ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ነው። መነሻውን በተመለከተ አጥኚዎች ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ ወደ ከተማ የፈለሱ ጉራጌዎች እንደ ጀመሩት ይናገራሉ፣ ሌሎቹ የጣሊያን ወረራ ዓመታት፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ እንዳስፋፉት ያምናሉ። ሪቻርድ ፓንክኸርስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ስለ መረዳጃ ማኅበራት ሲጽፉ ዕድር የከተማ ኑሮ መደበኛ አካል ሆኗል። ሥርዓቱ ለሁላችንም ቅርብ ነው። ሰው በሌሊት ሲሞት ጎሕ ሳይቀድ ጡሩምባ ነፊው ሠፈሩን ይዞራል፣ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። ንብረት ክፍሉ ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ድስቱንና ሰሃኑን ከመጋዘን ያወጣል። ጸሐፊው መዝገቡን ከፍቶ ስም ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ለሦስት ቀን ሐዘንተኛው እንግዳ በምን ልቀበል ብሎ አይጨነቅም። ጎረቤቱ ጉራጌ ይሁን ኦሮሞ፣ አማራ ይሁን ወላይታ፣ ዕድሩ አንድ ነው። እኔ እንደማምነው፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ሰዎችን በአንድ ድንኳን ሥር በማስቀመጥ ረገድ ዕድርን የሚስተካከል ተቋም እነዚህ ከተሞች አላዩም።

እስካሁን ያለውን ስንጠቀልለው፣ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የስምጥ ሸለቆ ከተሜ ቢያንስ በሦስት ማኅበር የታሰረ ሰው ነበር፤ ለነፍሱ ጽዋ ወይም ሰንበቴ፣ ለንግዱ ዕቁብ፣ ለሞቱ ዕድር። ሙስሊሙም የራሱን ጀመዓና የዚክር ማኅበር ይዟል። ቀጣዩ ዘመን ሌላ ዓይነት ማኅበር አመጣ፤ በሥራ ቦታ፣ በትምህርት ቤትና በዓለም አቀፍ ድርጅት ዙሪያ የሚሰባሰብ።

የዚህ ዘመን ትልቁ በር ወንጂ ነው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ከወጣች በኋላ እርሻዎቹን ያጣው የሆላንዱ ኩባንያ ኤች.ቪ.ኤ. ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ ከአዳማ በስተደቡብ በአዋሽ ዳር ሸንኮራ ተከለ፤ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተጠናቀቀ፣ መተሐራም በኋላ የራሷን ስኳር ፋብሪካ አገኘች። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። የወንጂ ሜዳ የጅሌዎች፣ የመተሐራው የከረዩዎች የግጦሽ ምድር ነበር፤ የአዲስ መጤዎች ማኅበራት የበቀሉት ሌሎች ባጡት መሬት ላይ ነው። ወደ ሸንኮራው የመጡት ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታና ከሌሎችም ሩቅ ቦታዎች የተነሡ ሠራተኞች ነበሩ። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ባልተፈቀደበት ጊዜ ተሰባስበው መመካከር የቻሉት በዕድር ስም ነው። ዕድሩ ለቀብር መዋጮ ይሰበስባል፣ በዚያው ስብሰባ ስለ ደሞዝና ስለ ሕክምና ይወራል። ከድሬዳዋው የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ጋር ወንጂ በኢትዮጵያ የሠራተኛ ንቅናቄ መነሻ ላይ የሚጠራው በዚህ ነው። የሠራተኛና አሠሪ ሕግ ወጥቶ በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲመሠረት፣ ሕጉ የተቀበለው በዕድር መዝገብ ላይ አስቀድሞ የነበረውን ሕይወት ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማኅበራት ዝርዝር ድንጋጌ ይዞ መምጣቱ ሌላ በር ከፈተ። የየአካባቢው ተወላጆች ማኅበራት በከተማ ተደራጅተው ለአገር ቤታቸው መንገድና ትምህርት ቤት መሥራት ጀመሩ፤ ጉራጌዎች የመንገድ ሥራ ማኅበራቸውን ያቋቋሙት በዚህ ጊዜ ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የተነሣው የመጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ደግሞ ኦሮሞን ከኦሮሞ፣ ወረዳን ከወረዳ ያገናኘ ሰፊ እንቅስቃሴ ሆነ። የማኅበሩ መሪ ኮሎኔል ዓለሙ ቂጤሳ ነበሩ፤ ጄኔራል ታደሰ ብሩ በተቀላቀሉት ጊዜ ድምፁ ከፍ አለ። በ1958 ዓ.ም. ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ኢተያ የተደረገው ስብሰባ ብዙ ሕዝብ ያሳተፈ ነበር። መንግሥት ይህን አልታገሠም፤ በ1959 ዓ.ም. ማኅበሩ ታገደ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፣ ኋላም መቶ አለቃ ማሞ መዘምር በሞት ተቀጡ። በኢተያና በአርሲ ወረዳዎች አብረው የተቀመጡት ሰዎች ትውውቅ ግን በእገዳው አልጠፋም፤ የኋላው የኦሮሞ ንቅናቄ ከዚያ ትውውቅ ተነሥቷል፣ ማኅበሩም ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ዳግም ቆመ።

በዚያው አሥርት ዓመት በአዳማ አንድ ትንሽ ነገር ሆነ፤ የሚያስከትለውን ያኔ የገመተ ሰው አልነበረም። ከጣሊያን በኋላ ከአሜሪካ የመጡ የሜኖናይት ሚስዮናውያን በከተማዋ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን ያስተዳድሩ ነበር። የዐፄ ገላውዴዎስ ትምህርት ቤት ተማሪዎች እንግሊዝኛቸውን ማሻሻል ፈልገው ከሚስዮናውያኑ አንዱን አስተምረን አሉ። መማሪያ መጽሐፋቸው የዮሐንስ ወንጌል ሆነ። ቋንቋ ፈልገው የመጡት ወጣቶች ጸሎት ጀመሩ፣ መዝሙር ጀመሩ፣ ራሳቸውን ሰማየ ብርሃን ብለው ጠሩ። የተዋቀሩት በራሳቸው ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን አልተላኩም፣ ቤተ ክርስቲያንም መጀመሪያ ላይ ምን እንደምታደርጋቸው አላወቀችም። በጋራ ፍላጎት መሰባሰብ ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በስምጥ ሸለቆ አላውቅም፤ የእንግሊዝኛ ክፍል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የወንጌላውያን እንቅስቃሴ ሆነ፣ ኋላም ከሜኖናይቶቹ ሥራ ከተነሣችው ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተዋሐደ።

ከአዳማ በስተደቡብ፣ በሻሸመኔ፣ ዓለም አቀፍ ኅብረት በሌላ መንገድ ሥር ሰደደ። ዶክተር መላኩ በያን እ.ኤ.አ. በ1937 በኒው ዮርክ የመሠረቱት የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን በወረራው ጊዜ የጥቁር ሕዝቦችን ድጋፍ ለማስተባበር የተቋቋመ፣ በየከተማው ቅርንጫፍ የነበረው ድርጅት ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዚህ ውለታ ምላሽ እንዲሆን በሻሸመኔ አጠገብ አምስት ጋሻ መሬት ሰጡ። ከካሪቢያንና ከአሜሪካ የመጡ ሰዎች መስፈር ጀመሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ጃማይካን ከጎበኙ በኋላ ቁጥራቸው ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1968 በኪንግስተን የተመሠረተው፣ የራስ ተፈሪያውያን የሆነው የአሥራ ሁለቱ ነገዶች ማኅበር በከተማዋ ቤቱን ሠራ፣ ቦብ ማርሊም እ.ኤ.አ. በ1978 ጎበኛት። በ1967 ዓ.ም. መሬቱ ሲወረስ የፌዴሬሽኑ ሕጋዊ መሠረት ተነቀለ። ሰፋሪዎቹን በቦታው ያቆያቸው የዕለት ተዕለቱ የእምነትና የጎረቤት ትስስራቸው ነው።

በዚህ መካከል ሮታሪ ኢትዮጵያ ገባ። የአዲስ አበባ ሮታሪ ክለብ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ ሲቋቋም ከአምባሳደሩ፣ ከባንክ ሥራ አስኪያጁና ከትልቁ ነጋዴ ክበብ ብዙም አልወጣም። በአንድ ክለብ ከአንድ ሙያ አንድ ሰው የሚለው የቀድሞ ደንቡ በዕቁብ ዓይን ካየነው እንግዳ ነው፤ ዕቁብ አንድ ሙያ ያላቸውን ያሰባስባል፣ ሮታሪ ልዩ ልዩ ሙያ ያላቸውን። የወዳጅነት ኅብረቶቹ የተፈጠሩት ይህን ለማቃለል ይመስለኛል፤ ሐኪሙ ከሐኪሙ፣ አብራሪው ከአብራሪው ጋር የሚገናኝበት ጎን በር ሆኑለት። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ደግሞ የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር በራሱ መንገድ ይህንኑ አደረገ። ተመራማሪውን፣ መምህሩንና ዲፕሎማቱን በአንድ ፍቅር፣ በወፍ፣ አሰባሰበ፤ ሜዳውም ዝዋይ፣ አቢያታና ሻላ ነበሩ።

አብዮቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ፈተነ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቀበሌን አቋቋመ፤ ማኅበር የሚለው ስም ከላይ የሚመጣ ሆነ። የሴቶች ማኅበር፣ የወጣቶች ማኅበር፣ የገበሬዎች ማኅበር በመመሪያ ተቋቋሙ። ዕድር ከቀብር እንዳያልፍ ታጠረ። በጥር 1974 ዓ.ም. የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ተዘጋች፣ የአዳማው ጸሎት ቤትና የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤቱ ተወረሱ፣ መሪዎቿ ዓመታትን በእስር አሳለፉ። ምእመናኑ አምስት ስድስት እየሆኑ በየቤቱ ተገናኙ። ቡና ይፈላል፣ በር ይዘጋል፣ መዝሙሩ በዝግታ ይወጣል፤ ሰው ቢመጣ ቡና የሚጠጡ ጎረቤቶች ናቸው። ከእነዚህ ክበቦች ብዙዎቹን ያስተዳደሩት ሴቶች ነበሩ። ስትዘጋ 5 ሺህ ገደማ አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን፣ ዳግም በይፋ ስትወጣ ከ30 ሺህ በላይ ሆና ተገኘች። የዚህ ቅኝት ዋና ሐሳብ በአኃዝ የታየው እዚህ ላይ ነው። አዋጁ ሕንፃውን ያዘ፣ ክበቡን ግን መያዝ አልቻለም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ያለው ዘመን ደግሞ የመስፋፋትና የመፈተን ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 31 የመደራጀት መብትን አጸና። ወዲያው ግን ሌላ መቅሠፍት ደረሰ፤ ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ የጭነት መኪና መንገድ ላይ የተዘረጉት ሞጆ፣ አዳማ፣ መተሐራና አዋሽ በኤች.አይ.ቪ. ክፉኛ ተመቱ። በየሳምንቱ መዝገብ እየገለጡ ወጣት የሚቀብሩ ዕድሮች ገንዘባቸው ማለቁን አዩ። በአገሪቱ ብዙ ከተሞች እንደሆነው ሁሉ፣ ቀብር ብቻ የነበረው ሥራቸው ወደ ሕሙማን እንክብካቤና ወደ ወላጅ አልባ ልጆች ተሻገረ፣ በዕድሩ ውስጥም ለዚሁ የተለየ ኮሚቴ ቆመ። አብዮቱ ያጠረውን ዕድር ዳር ድንበሩን መልሶ ያሰፋው ይህ መከራ ነው።

መንግሥት በማኅበራት ላይ ያለው አያያዝ በዚህ ዘመንም ሁለት ጊዜ ተገለባብጧል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን በጥብቅ ሲያስር ዕድርንና ዕቁብን ከሕጉ ውጭ አድርጓቸዋል፤ ትልቁን ያሰረ ሕግ ትንሹን እንዳለ ተወው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ቀንበሩን አቀለለው። የኦሮሚያ ክልል ቡሳ ጎኖፋን ከጥንታዊው ሥርዓት አንሥቶ በተቋም ደረጃ ማደራጀቱ ሌላው መታጠፊያ ነው። የሚያስደስት ነው፤ ነገር ግን በሰጪው ፈቃድ ይኖር የነበረው መረዳዳት በመዝገብና በመዋጮ ግዴታ ሲሠራ ነፍሱን እንዳያጣ አጥብቆ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሮታሪን በሕዝብ ዘንድ ያስተዋወቀው ፖሊዮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የጀመረው የፖሊዮ ፕላስ ዘመቻ ኢትዮጵያ ሲደርስ፣ በሲያትል የሚኖሩት ሮታሪያን ዕዝራ ተሾመ ከአሜሪካ ሮታሪያኖችን እየመሩ በብሔራዊ የክትባት ቀናት ከጤና ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት ዞሩ፤ ታይም መጽሔትም እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ጤና ጀግኖች መካከል ቆጠራቸው። ነሐሴ 19 ቀን 2012 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና ከዱር ፖሊዮ ነፃ መሆኑ ተረጋገጠ። ጠብታው የተሰጠው በሮታሪያን እጅ ብቻ አይደለም። ሕፃናቱ የት ቤት እንዳሉ የሚያውቁት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና የዕድር ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ዓለም አቀፉ ክለብ ያለ እነሱ በር ማንኳኳት አይችልም ነበር።

ይህ ሁሉ ሆኖ የኢትዮጵያ ሮታሪ ክለቦች አብዛኞቹ ዛሬም አዲስ አበባ ናቸው። ለምን? የአባልነት መዋጮው፣ የእንግሊዝኛ ስብሰባው፣ በሆቴል የሚደረገው ምሳ ለአንድ የአዳማ መምህር ወይም ለባቱ (ለቀድሞዋ ዝዋይ ከተማ) ነጋዴ ቀላል አይደሉም። በእኔ አስተያየት ግን የበለጠው ምክንያት ሌላ ነው። ክለቡ ወደ እነዚህ ከተሞች ሲመጣ የሚያገኘው ባዶ ሜዳ አይደለም። የአርሲ ሯጮች አሉ፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን ያፈራው አገር የሩጫ ኅብረት ለመመሥረት የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም። የአዳማ ከተማ እግር ኳስ ክለብ ደጋፊዎች በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ይሰባሰባሉ። የባጃጅ ሾፌሩ ማኅበር አለው፣ የቡና ነጋዴው ዕቁብ አለው። የወዳጅነት ኅብረቶቹ ሐሳብ ሥር የሚሰድደው እነዚህን ሲያገኝ ነው፤ በጎናቸው ሌላ አዳራሽ ሲከፍት አይደለም።

ለእንዲህ ያለው መገናኘት አንዱ በር ሐይቆቹ ናቸው። በሻላ ደሴት ላይ ነጭ ፔሊካን ይራባል፤ ዓሣውን የሚያጠምደው ከሌሎች ሐይቆች ነው። አቢያታ ግን እየሸሸ ነው። ሶዳ አሽ ለማምረት ከራሱ ከሐይቁ ውሃ ሲሳብ ኖሯል፣ ከዝዋይ ወደ እሱ የሚፈሰውን ቡልቡላን ደግሞ መስኖ ይቀንሰዋል። የወፍ ወዳጆች ኅብረት፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበርና የአበባ እርሻ ሠራተኞች ስለዚህ ውሃ እንዲነጋገሩ የሚያስገድዳቸው ሕግ የለም፤ የሚያገናኛቸው ፍላጎት ግን አላቸው።

ከተሞቹም ራሳቸው እየተለወጡ ነው። በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የፍጥነት መንገድ አዳማን ከአዲስ አበባ በአንድ ሰዓት አገናኘ፣ አሮጌው የባቡር መስመር ከቆመ በኋላ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያውን ከመሃል ከተማ አራቀ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ ሆነች። በየጋራ መኖሪያ ሕንፃው የሚገባው ነዋሪ ከአሮጌው ሠፈር ዕድሩ አይወጣም፣ በአዲሱ ሕንፃም ሌላ ዕድር ይገባል፣ ከትውልድ ቀዬው ማኅበርም ይቀጥላል። ድንኳኑ በሕንፃው ግቢ ይተከላል፣ ጡሩምባውን በቴሌግራም የሚላክ መልእክት ተክቶታል። ቀሪውን የሚቀጣው ጸሐፊ ግን መዝገቡን በእጁ ይዞ አሁንም ስም ይጠራል።